አብረው የሚዋኙ የባሕር ዓሦችን ለትልቅ አኳሪየም እንዴት እንምረጥ?

«አንድ ላይ ሆነው ወዲያ ወዲህ የሚሉት ዓሦች የትኞቹ ናቸው? ስንትስ ልግዛ?» ትልቅ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ያቆመ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። አንዱ ከምግብ ቤቱ አዳራሽ ይደውላል፣ ሌላው የሳሎኑን ፎቶ ይልካል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሙሉውን አሠራር በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መልሱ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ሱቅ ውስጥ ተጠጋግተው ስላያችኋቸው ብቻ አትግዙ፤ ፍርሃቱ ከለቀቃቸው በኋላም እርስ በርስ የማይጨራረሱትን ምረጡ። ትንንሽ የባሕር ዓሦች የሚጠጋጉት በአብዛኛው ስለሚፈሩ ነው። የሱቁ ገንዳ ባዶ ነው፣ መደበቂያ የለውም፣ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይውላል፤ ስለዚህ እዚያ ውስጥ ማንኛውም ዓሣ ከጎኑ ካለው ጋር ይለጠፋል። እናንተ ጋ መጥቶ አዳኝ አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ግን እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል። ትልቁ አንድ ድንጋይ ይይዛል፣ ትንሹን ማሳደድ ይጀምራል፣ የተሳደደው ምግብ ላይ መድረስ ያቅተዋል፣ ከስቶ ይሞታል። ከዚያ ተራው የሚቀጥለው ደካማ ነው። ሰባት ሆነው የገቡት ዓሦች ውለው አድረው አንድ ወይም ሁለት ሆነው የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ፣ ከላይ ሙሉ በሙሉ ከሚሸፍን የመረብ ክዳን ጋር
- ለገንዳው መጠን የሚበቃ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ውሃ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ፓምፖች፣ ሁለት ማሞቂያዎች (አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ)
- ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው እና በአርኦ ማጣሪያ (የተሟሟ ጨውና ቆሻሻን በሚያስቀር) ያለፈ ውሃ
- የጨው መጠን የሚለካ ሪፍራክቶሜትር፤ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬት እና የኮፐር (ጥገኛ ተሕዋስን የሚገድል የመዳብ መድኃኒት) መመርመሪያ
- ከ150 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ማግለያ ገንዳ (አዲስ ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው የሚቆይበት)፣ ስፖንጅ ፊልተር፣ ማሞቂያ፣ ለመደበቂያ የሚሆኑ የተቆራረጡ የፕላስቲክ ቧንቧዎች
- ጎኑ የተበሳሳ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን (ጠበኛውን ወይም አዲሱን ለይቶ ለማቆየት)
- በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ
- የበረዶ ማይሲስና ካላነስ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት)፣ ደቃቅ የዓሣ ምግብ እና ምግብ በሰዓቱ የሚለቅ መሣሪያ

1. ከሊትሩ በፊት ርዝመቱን ለኩ

ሻጭ የሚነግራችሁ ሊትር ወይም ጋሎን ነው። ለመንጋ ግን ዋናው ርዝመቱ ነው፤ አብረው የሚዋኙ ዓሦች የሚሄዱት ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይደለም። ከዚህም በላይ የሚሳደደው ዓሣ ከአሳዳጁ ዓይን የሚሰወርበት ርቀት ያስፈልገዋል። ቁመቱ የረዘመ፣ ጎኑ የጠበበ፣ ግንብ የሚመስል ገንዳ ብዙ ውሃ ቢይዝም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሳንቲ ሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 180 በ60 በ60 የሆነ ገንዳ 648 ሊትር ይይዛል። አሜሪካ ያላችሁ 180 ጋሎን እያላችሁ የምትገዙት ደግሞ ወደ 680 ሊትር የሚይዘውን ነው። ይህ ውሃ ብቻውን 700 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መስታወቱ፣ መቆሚያውና ድንጋዩ ሲጨመሩ አንድ ቶን ይጠጋል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ወለሉ ይህን መሸከም እንደሚችል የሚያውቅ ባለሙያ ሳታማክሩ አትሙሉት።

ድንጋዩን ስትደረድሩ ከፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር ክፍት መንገድ ተዉ። ከግድግዳ ግድግዳ የተሞላ ድንጋይ መንጋውን ይበትነዋል፣ ለእያንዳንዱ ዓሣም የግል ግዛት ይፈጥርለታል። ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ክምሮች ከአንድ ትልቅ ግንብ ይሻላሉ።

2. ውሃው ሳይደርስ ዓሣ አታስቡ

ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ያንን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመንጋ ጊዜ ይህ ከወትሮው ይብሳል፤ አንድ ዓሣ ሳይሆን ሰባት ወይም ዘጠኝ በአንድ ቀን ነው የሚገቡት፤ የሚመረተው አሞኒያም በዚያው ልክ በአንድ ቀን ይዘላል። ስለዚህ ከዓሦቹ በፊት ንጹሕ አሞኒያ በጠብታ ጨምሩና በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ መውረዱን መርምሩ።

ልታገኙ የሚገባችሁ ልክ፦ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የጨው መጠን በሪፍራክቶሜትር 1.025፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ8.1 እስከ 8.4፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «የአፋር ጨው አይሆንም ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣል። አይሆንም። የምግብ ጨው፣ አሞሌም ሆነ የታሸገ፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ፒኤቹን የሚያረጋጉ ነገሮች በተመጠነ ልክ አሉበት። በኪሎ ውድ ቢሆንም ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው አስመጡ። ለአንድ ሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ይገባል፤ ከ650 ሊትር ውስጥ አሥር በመቶውን በቀየራችሁ ቁጥር 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ትጨርሳላችሁ። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱን ፓምፕ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ወደ ላይ አቅኑት፣ የዓሣውንም ቁጥር እዚህ ከተጻፈው ዝቅ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው የአየር ፓምፕ በራሱ መነሳቱን በየጊዜው ፈትሹት፤ ዓሣ በበዛበት ገንዳ ፓምፕ ሲቆም መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው።

3. የትኛው ዓሣ እውነተኛ መንጋ እንደሆነ ለዩ

ምርጫው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። እኔ ዓሦቹን በሦስት ምድብ ከፍዬ ነው የማስበው።

የመጀመሪያው ምድብ አድገውም ቢሆን አብረው በሰላም የሚኖሩት ናቸው።

ፓጃማ ካርዲናል ለጀማሪ የምመክረው ነው። ከ8 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ዓይኑ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር መቀነት፣ ከኋላው ነጠብጣብ። ሌሊት የሚያድን ዓሣ ስለሆነ ቀኑን ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቦታ ተንሳፎ ይውላል። ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መንጋ ለምትፈልጉ ግን ያሰለቻችኋል፤ ይህን አውቃችሁ ግዙ።

ትሬድፊን ካርዲናል በላቲን ስሙ ዞራሚያ ሌፕታካንታ ይባላል። ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዓይኑ ሰማያዊ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥም በቅርንጫፋማ ኮራሎች መካከል በብዛት ተጠጋግቶ ይገኛል። ከምትገዙት ሁሉ ለ«መንጋ» ስም በጣም የሚቀርበው ይኸው ነው። አፉ ትንሽ፣ ገላው ስስ ስለሆነ ግን ጉልበተኛ ካለበት ገንዳ አታስገቡት።

የመንጋ ባነርፊሽ፣ ሄኒዮኩስ ዲፍሬውቴስ፣ ለእውነት ትልቅ ገንዳ ላላቸው ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ የጀርባው ክንፍ እንደ ክር ይረዝማል፤ እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ምግብ ይበላል፣ አብሮ ይዋኛል። ችግሩ መንትያ የሚመስል ዘመድ አለው፤ ሄኒዮኩስ አኩሚናተስ የሚባለው። እሱ በጥንድ ወይም ብቻውን የሚኖር ነው፣ ኮራልም ይነካካል። ሻጮች ሁለቱን በአንድ ስም ይሸጧቸዋል። የመንጋው ዝርያ አፉ አጠር፣ ደረቱ ከበብ ያለ ነው። የላቲን ስሙን ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ጎን ለጎን የሁለቱን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።

ፒራሚድ በተርፍላይ እንደዚሁ 18 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቢጫ ላይ ፒራሚድ የመሰለ ነጭ አለው። ብዙ የበተርፍላይ ዓሦች ኮራል ሲበሉ ይህ ግን የሚንሳፈፍ ምግብ ስለሚበላ ኮራል ላላቸው ሰዎች ይመቻል።

ኮራል የማትፈልጉ፣ ዓሣ ብቻ የምታኖሩ ከሆነ ደግሞ ሞኖ የሚባለውን ብራማ ዓሣ አትርሱት። ተጠጋግቶ በፍጥነት ይዋኛል። እስከ 27 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ ስለሆነ 180 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ለእሱ መነሻ እንጂ ትልቅ አይደለም።

ሁለተኛው ምድብ አብረው የሚኖሩ፣ ግን አለቃ ያላቸው ናቸው። ሕጋቸውን ካወቃችሁ ይሳካል፤ ካላወቃችሁ ይጨራረሳሉ።

ላየርቴይል አንቲያስ የዚህ ምድብ ንጉሥ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ከኢላት እስከ ዳህላክ ኮራሉ ላይ ብርቱካናማ ደመና ሠርተው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ሁሉም ሴት ሆነው ይጀምራሉ፤ ሴቶቹ ብርቱካናማ፣ ወንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ሲሆን የጀርባው ሦስተኛ እሾህ ረጅም ነው። ወንዱ ሲሞት ከሴቶቹ አለቃ የሆነችው በሳምንታት ውስጥ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ስለዚህ ወንድ ፍለጋ አትድከሙ፤ ስድስት ወይም ሰባት ትንንሽ ሴቶች ግዙ፣ አንዷ ራሷ ትቀየራለች። ሁለት ወንድ በአንድ ገንዳ አታስገቡ። ዓሣው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስና ኃይለኛ ስለሆነ ለዓይን አፋር ዓሦች ጥሩ ጎረቤት አይደለም። ረጋ ያለ የምትፈልጉ ከሆነ ባርትሌት አንቲያስ አነስ ያለና ጠንካራ ነው። ኢቫንስ እና ቱካ የሚባሉትን አንቲያሶች ግን ለማቆየት አስቸጋሪ ስለሆኑ ልምድ እስክታገኙ እለፏቸው።

የሎ ታንግም እዚህ ይመደባል። ሐዋይ አካባቢ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ በቡድን ይኖራል። ገንዳ ውስጥ ግን ሁለት ከሆኑ አንዱ ሌላውን ይገድላል፤ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው፣ ተመሳሳይ መጠን ይዘው፣ በአንድ ቀን ሲገቡ ጠቡ ስለሚከፋፈል ማንም ተለይቶ አይጠቃም። 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ መሆኑን አትርሱ፤ ለአምስት ታንግ 180 ሳንቲ ሜትር አይበቃም፣ 240 ያስፈልጋል። ሐዋይ ያለው ኦሽኒክ ኢንስቲትዩት በ2015 ይህን ዓሣ በገንዳ ውስጥ አራብቶ ካሳደገ ወዲህ በእርባታ የተገኘውን መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ከበድ ቢልም ገና ከመጀመሪያው አብረው ያደጉ ስለሆኑ እሱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ምድብ መንጋ መስለው የሚሸጡት ናቸው። ጥሪ የሚበዛብኝ በእነዚህ ምክንያት ነው።

ግሪን ክሮሚስ ርካሽ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ «ለመንጋ ምርጥ» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጥ ነው። ባሕር ውስጥ በመቶዎች ሆኖ ስለሚኖር ጠቡ ይበተናል፤ ገንዳ ውስጥ በስድስትና በሰባት ሲሆን ግን ከትልቁ ጀምሮ ደረጃ ይሠራሉ፣ ከታች ያለው እየተነከሰ ያልቃል። በዚያ ላይ ዩሮኔማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በተለይ ይህን ዓሣ ያጠቃል፤ ጎኑ ላይ ቀይ ቁስል ካያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ኮፐርም አይበቃውም። የግድ ከፈለጋችሁት አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አስገቡ፣ ደጋግማችሁ መግቡ፣ ሁሉም እንደማይቆዩም አስቀድማችሁ ተቀበሉ።

ባንጋይ ካርዲናል ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከባንጋይ ደሴቶች የተገኘ ቆንጆ ዓሣ ነው። ልጅ ሳሉ እንደ ፓጃማው ተጠጋግተው ይንሳፈፋሉ። ሲጎለምሱ አንድ ወንድና አንድ ሴት ይጣመሩና የቀሩትን ይገድላሉ። ጥንድ ካገኛችሁ ጥንዱን ብቻ አኑሩ፤ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ሲያሳድግ ማየት በራሱ ይበቃል።

ዶሚኖ እና ባለ ሦስት መስመር ዳምሰል ትንሽ ሳሉ ደስ ይላሉ፣ ሲያድጉ ገንዳውን በሙሉ ይወርሳሉ። ከድንጋይ መሐል ይዞ ማውጣትም ሌላ ፈተና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ድንጋዩን ማፍረስ ይጠይቃል።

4. አንድ ዝርያ፣ በቂ ቁጥር

ከሦስት ዝርያ ሦስት ሦስት ከመግዛት ከአንድ ዝርያ ዘጠኝ ግዙ። ዓሣ የሚጠጋው መጀመሪያ የራሱን ዓይነት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ የአለቃው ቁጣ ሁሉ አንድ ዓሣ ላይ ያርፋል፤ ሲበዛ ይበተናል። ለ650 ሊትር መነሻ የሚሆናችሁ ይህ ነው፦

- ፓጃማ ካርዲናል ከ7 እስከ 9
- ትሬድፊን ካርዲናል ከ12 እስከ 15
- ላየርቴይል አንቲያስ 1 ወንድ ከ5 ወይም ከ6 ሴቶች ጋር
- ባነርፊሽ ወይም ፒራሚድ በተርፍላይ ከ3 እስከ 5

ይህ «ወይም» እንጂ «እና» አይደለም። ከእነዚህ መስመሮች አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለተኛ መንጋ መጨመር የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያው ከተረጋጋና ናይትሬቱ ካልጨመረ ከወራት በኋላ፣ በመልክም በአዋዋልም የማይመሳሰለውን ጨምሩ፤ ለምሳሌ ከላይ ለሚዋኙት አንቲያሶች ከታች የሚንሳፈፉትን ፓጃማዎች።

5. ጎረቤቶቹን አብራችሁ ወስኑ

አፉ ውስጥ የሚገባ ዓሣ ሁሉ ለአንበሳ ዓሣና ለግሩፐር ምግብ ነው፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርዲናል ደግሞ ለብዙዎች ይገባል። ትሪገርፊሽና ትልልቅ ዳምሰሎችም ክንፍ ይነጫሉ።

መንጋው ከተበተነባችሁ ግን አንድ ዘዴ አለ። ትልቅ፣ ረጋ ያለና ሥጋ የማይበላ ዓሣ፣ ለምሳሌ ፎክስፌስ ራቢትፊሽ፣ ገንዳውን እየዞረ ሲያልፍ ትንንሾቹ ትንሽ ሰብሰብ ይላሉ። የማይነካቸው ቢሆንም መጠኑ ብቻ ያስጠነቅቃቸዋል። የጀርባው እሾህ መርዛማ ስለሆነ ግን በእጅ አትያዙት።

6. ሱቅ ውስጥ ሳትቸኩሉ ተመልከቱ

ሻጩ እንዲመግባቸው ጠይቁ። የማይበላ ዓሣ አትግዙ፣ «ቤት ሲደርስ ይበላል» ቢሏችሁም። አተነፋፈሱን ተመልከቱ፤ ስንጥቡ ከሌሎቹ ፈጥኖ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ፓምፑ ሥር ቆሞ የሚያለከልክ ዓሣ ታሟል። ሆዱ የገባ፣ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ጀርባው የሳሳ፣ ክንፉ የተበላ ወይም ገላው ላይ ነጭ ነጥብ ያለበት ካለ እሱን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ገንዳ ሁሉንም ተዉ፤ ውሃቸው አንድ ነው።

መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ትንንሾችን ምረጡ። በጣም ትልቁ አለቃ ይሆናል፣ በጣም ትንሹ ተጠቂ። ሁሉንም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ውሰዱ። ሻጩ አራት ብቻ ካለው የቀሩት እስኪመጡ ቀብድ ከፍላችሁ ጠብቁ፤ በጊዜ ልዩነት የሚገቡት መጨረሻ ላይ የሚሳደዱት ናቸው።

7. ሁሉንም አንድ ላይ አግልሉ

አዲስ ዓሣ በቀጥታ ዋናው ገንዳ አይገባም። ባሕር ዓሣን የሚጨርሱት ሁለቱ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ነጭ ነጥብ እና ቬልቬት፣ ብዙ ጊዜ ከሱቅ ነው የሚመጡት። ቬልቬት መንጋን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል፤ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ጊዜ አይወስድበትም።

ማግለያው ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አታስገቡ፤ መድኃኒት ይመጥጣሉ። የተቆራረጡት ቧንቧዎች ለመደበቂያ ይበቃሉ። የውሃውን ጨው ዓሣው ከመጣበት ከረጢት ጋር አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በፖስታ ወይም ረጅም መንገድ በመጣ ከረጢት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ፒኤች ሲወርድ አሞኒያው ብዙም መርዛማ ባልሆነ መልኩ ይቆያል። ከረጢቱን ስትከፍቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ወደ መርዝነት ይቀየራል። ስለዚህ የታሸገውን ከረጢት 20 ደቂቃ ያህል አንሳፉት፣ ሙቀቱ ሲመጣጠን ክፈቱ፣ ጨዉን ለኩ፣ ከተመሳሰለ ወዲያው ዓሣውን አሸጋግሩ። ሰዓት ሙሉ በጠብታ ማለማመድ ከሩቅ ለመጣ ዓሣ ጉዳቱ ይበልጣል። የከረጢቱን ውሃ ድፉት።

ለ30 ቀን ያህል አቆዩአቸው። ኮፐር የምትጠቀሙ ከሆነ መድኃኒቱ ላይ ወደተጻፈው ልክ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ፣ በየቀኑም በመመርመሪያው ለኩ፤ ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ይገድላል። አሞኒያውን በየቀኑ ተከታተሉ፣ ውሃ ቀይሩ። ይህ ጊዜ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማን አለቃ፣ ማን ተጠቂ እንደሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ይታያል፣ ይዞ ማውጣትም ቀላል ነው።

8. በአንድ ጊዜ፣ በጨለማ አስገቡ

ሰላማዊው መንጋ ከጉልበተኞቹ በፊት ይግባ። ታንግና ሌሎች ግዛት የሚይዙ ዓሦች የመጨረሻ ይሁኑ፤ ቀድሞ የገባ ገንዳውን የራሱ አድርጎ ያስባል።

አስቀድሞ የሚኖር ዓሣ ካለ በዚያው ቀን ጥቂት ድንጋዮችን ቦታ ቀይሩ፤ የቆየው ዓሣ ግዛቱ ሲጠፋበት እንደ አዲስ ይጀምራል። ነባሮቹን ጠግበው እንዲያድሩ መግቧቸው። መብራቱን አጥፉ፣ አዲሶቹን ሁሉንም በተከታታይ ልቀቁ፣ መብራቱን እስከ ማግስቱ አታብሩ። ክዳኑን ወዲያው መልሱ፤ አንቲያስ በመጀመሪያው ሌሊት የመዝለል ልማድ አለው።

9. ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግማችሁ መግቡ

አንቲያስ፣ ባነርፊሽና ፒራሚድ በተርፍላይ ባሕር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወራጅ ደቃቅ ፍጥረታትን ሲለቅሙ ይውላሉ። በቀን አንዴ ማጉረስ አይበቃቸውም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስጡ፣ ለአንቲያስ ከዚያም በላይ። ሥራ የምትውሉ ከሆነ ጠዋትና ማታ እናንተ የበረዶ ማይሲስና ካላነስ ስጡ፣ ቀን ላይ መሣሪያው ደቃቁን ምግብ ይልቀቅ። ፓጃማ ካርዲናል ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፣ አንዱ መብራት ሊጠፋ ሲል ይሁን።

ምግቡን በአንድ ቦታ አትድፉት። ፓምፑ ፊት ለፊት ልቀቁት፣ በገንዳው ሁሉ ይበተን፤ አለቃው ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ መጠበቅ አይችልም፣ ደካማውም ይደርሰዋል። ብዙ መመገብ ናይትሬትና ፎስፌት ስለሚያከማች ስኪመሩን ቶሎ ቶሎ አጽዱ፣ ናይትሬቱን በየሳምንቱ ለኩ።

10. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቆጥራችሁ ተከታተሉ

ጠዋት ምግብ ስትሰጡ ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ፈልጉት፤ ድንጋይ ሥር ሞቶ የቀረ ዓሣ ውሃውን ያበላሻል። ጥግ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ጭራው የተበጣጠሰ፣ ምግብ ሲመጣ የማይወጣ ዓሣ ካያችሁ ነገ እስኪሞት አትጠብቁ። መውጣት ያለበት ግን ተጠቂው ሳይሆን አሳዳጁ ነው፤ ተጠቂውን ብታወጡት አሳዳጁ ሌላ ይመርጣል። አለቃውን በተበሳሳው ሳጥን ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል አስቀምጡት፤ ሲመለስ የሌሎቹ ደረጃ ተስተካክሎ ይጠብቀዋል፣ እሱም እንደ አዲስ መጪ ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያ

- ኮፐር ዋናው ገንዳ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፣ ድንጋዩም ውስጥ ይቀራል።
- አንዳንድ የአሞኒያ ማጥፊያ ፈሳሾች ከኮፐር ጋር ሲገናኙ መድኃኒቱን ለዓሣው መርዝ ያደርጉታል። የሁለቱንም መመሪያ ሳታነቡ አትቀላቅሉ።
- ባለ መስመር ኢል ካትፊሽ ትንሽ ሳለ ኳስ ሠርቶ ስለሚዋኝ ልጆች ይወዱታል። የጀርባውና የጎኑ እሾህ ከባድ መርዝ አለው፣ እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሲጎለምስም መንጋውን ይተዋል። ቤት ውስጥ አታስገቡት። በማንኛውም መርዛማ እሾህ የተወጋ ሰው ቁስሉን ሳያቃጥል በሚቻለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይሂድ።
- ታንግን በመረብ ስትይዙ ተጠንቀቁ፤ ጭራው ሥር ያለው ስለት እጅም መረብም ይቆርጣል።
- ኢላትም ሆነ ሌላ የቀይ ባሕር ዳርቻ ያላችሁ፣ ከባሕር ራሳችሁ አትያዙ። የኢላት የኮራል ዳርቻ የተጠበቀ ቦታ ነው።
- ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉበት መታጠፊያ ይኑራቸው፤ ጨዋማ ውሃ በገመዱ ተንጠባጥቦ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ገንዳው ውስጥ እጅ ከመክተታችሁ በፊት ማሞቂያውንና ፓምፑን ንቀሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

በጥንድ መጀመር። «መጀመሪያ ሁለት አስገብቼ ልየው፣ ከዚያ እጨምራለሁ» የሚለው ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለመንጋ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱ ገንዳውን ይይዛሉ፣ ኋላ የሚመጡትን እንደ ወራሪ ያያሉ።

ዛሬ ባለው መጠን ማስላት። ሱቅ ያያችሁት ባነርፊሽ አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ሲያድግ ሦስት እጥፍ ያልፋል። ቁጥሩን በሙሉ ዕድገቱ አስሉ።

ሲበተኑ መደናገጥ። የፓጃማ መንጋ ቀን ላይ ትንሽ ተራርቆ ከተንሳፈፈ፣ እየበላ ከሆነና ክንፉ ሙሉ ከሆነ ደህና ነው፤ አለመፍራቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጣብቆ ጥግ የያዘ መንጋ ይልቅ ይመርመር፤ ወይ የሚያስፈራው ዓሣ አለ፣ ወይ ውሃው ተበላሽቷል።

የሞተውን በአንድ መተካት። አንድ ዓሣ ቢሞት የቀሩት ሰላም ከሆኑ ተዉአቸው። መጨመር ካስፈለገ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ፣ ከነባሮቹ ትንሽ ያነሱ ግዙ፣ አግልሉ፣ በተበሳሳው ሳጥን ዋናው ገንዳ ውስጥ ለጥቂት ቀን እንዲተያዩ አድርጉ፣ ከዚያ ድንጋይ አንቀሳቅሳችሁ መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ላይ ልቀቋቸው። ለአንቲያስ የሚጨመሩት ሴቶች ብቻ ይሁኑ።